የጠዋቱ ሳል

አጎቴ ጠዋት ሲነሱ ሳላቸው ግቢውን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ይስላሉ። ከዚያ ሲጋራ ይለኩሳሉ። ሁለት ሦስቴ እንደሳቡ ሳሉ ጋብ ይላል። «አየህ፣ መድኃኒቴ ይኼ ነው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምናቸው ነበር።

ሳሉ ጋብ ማለቱ እውነት ነው። የአየር ቧንቧችን ውስጠኛው ግድግዳ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉት። ሌት ተቀን እየተወዛወዙ አቧራና ጀርም የያዘውን አክታ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። የሲጋራ ጭስ ያደነዝዛቸዋል። ሌሊት ጭሱ ሲቀርላቸው ትንሽ ነፍስ ይዘሩና የተጠራቀመውን መግፋት ይጀምራሉ፤ የጠዋቱ ሳል የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያዋ ሲጋራ መልሳ ታደነዝዛቸዋለች። አጎቴ መድኃኒት ያሉት ጽዳቱን የሚያስቆመውን ነገር ነበር።

«ሳንባ ጭሱን ይለምደዋል» የሚሉም አሉ። ፀጉሮቹን አልፎ ወደ ታች የወረደውን የሚጠብቁት፣ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩት የአየር ከረጢቶች ውስጥ የሚኖሩ ማክሮፌጅ የሚባሉ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ናቸው። ሥራቸው ባዕድ ነገርን እየዋጡ መፍጨት ነው። በአጫሽ ሳንባ ውስጥ ቁጥራቸው ከማያጨስ ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን የሰማ ሰው ሳንባው ራሱን አጠናክሯል ሊል ይችላል። ሐኪሞች ሳንባን በጨው ውሃ አጥበው ያወጡትን ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ የአጫሹ ማክሮፌጆች ሆዳቸው በቡናማና ጥቁር ቅንጣት ታጭቋል። የዋጡትን የጭስ ትርፍራፊ መፍጨት አቅቷቸው ተሸክመውት ይኖራሉ።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ሸክም ምን እንደሚያደርግ አሳይተዋል። በጭስ ቅንጣት የታጨቁት የአጫሾች ማክሮፌጆች ወደ ቲቢ ባክቴሪያ መንቀሳቀስ አቃታቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን ቲቢ ከጸናባቸው አገሮች ተርታ ይመድባታል፤ ማጨስ በቲቢ የመታመምን ዕድል እንደሚጨምረውም ይናገራል። ስለ ሲጋራ ሲወራ ካንሰር ብቻ መነሳቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። እኛ ዘንድ ቲቢ ከካንሰር ይቀርባል።

ወተት ሳንባን ያጥባል መባሉ ሰዎችን ለዓመታት አዘናግቷል። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚገባው ትን ሲለን ብቻ ነው። የሺሻ ውሃም ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም። ሲቀዘቅዝ ጉሮሮ አይከረክርምና በረጅሙ ይሳባል፤ በአንድ ሰዓት ሺሻ የሚሳበው ጭስ በመጠን ከአንድ ሲጋራ ከመቶ ዕጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «አንዴ ተቃጥሏል፣ ባቆምም ያው ነው» የሚለው ነው። የፈረንሳዩ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የ1,000 ሰዎችን ደም መርምረው እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ማጨስ ካዛባው የመከላከል አቅም ውስጥ ፈጥኖ ደራሹ፣ ማለትም ጀርም እንደገባ የሚቆጣው ክፍል፣ ሰው ማጨስ ሲያቆም ቶሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። የቀድሞ በሽታን የሚያስታውሱት ሕዋሳት ላይ የደረሰው ለውጥ ግን ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ያቆመ ሰው የሚያገኘው አለ፤ ቀድሞ ያቆመ ደግሞ የሚያተርፈው ይበልጣል።

ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳል ሊብስ ይችላል። ፀጉሮቹ ሥራቸውን ጀምረው ለዓመታት የተኛውን አክታ ሲያወጡ ነው። ይህን ያኔ የነገረን ሰው አልነበረም። አጎቴ አንድ ጊዜ አቁመው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሳሉ እንቅልፍ ነሳቸው፤ «ሲጋራው ቀርቶብኝ ነው እንዲህ የሆንኩት» ብለው ብር ሰጡኝና አንድ ፍሬ እንድገዛላቸው ሱቅ ላኩኝ። ቶሎ እንዲሻላቸው ብዬ ሮጬ ገዛሁላቸው።