የቪታሚን ኤ ብዛት ስለሚያመጣው ጉዳት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ እንደ አገሪቱ ሁሉ፥ ዳፍንትን የሚከላከለው ቪታሚን ኤ ከ6 እስከ 59 ወር ለሆናቸው ሕፃናት በየ6 ወሩ ይሰጣል፤ መጠኑም ዓመት ላልሞላው 100,000፥ ለሞላው 200,000 ዩኒት ነው። ትርፉ በጉበት ተከማችቶ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ አንዱ መጠን ለወራት ይበቃል። «ጠቃሚ ከሆነ ይደገም» ብላ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ የምትጨምር እናት ግን ልጅዋን ለራስ ምታትና ለትውከት ልትዳርገው ትችላለች፤ የጨቅላም እርግብግቢት ያብጣል።

ነፍሰ ጡር ሴት ይልቁን ትጠንቀቅ፤ በየቀኑ ከ10,000 ዩኒት በላይ ብትወስድ ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል። 100 ግራም የበሬ ጉበት ብቻ ከዚህ ይበልጣልና፥ ዱለት የምትወድ እመቤት እስክትወልድ ብትታገሥ ይሻላታል።

ከካሮትና ከዱባ ግን ሰውነት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስለሚያዘጋጅ ሥጋት የለም። ካሮት ያዘወተረ ሰው መዳፉ ብጫ ቢሆን፥ የዓይኑ ነጭ እስካልተለወጠ ድረስ የወፍ በሽታ መሰለኝ ብሎ አይደንግጥ።