ካርቶኑን መጣል ቀረጥ አያስቀርም

መንገደኛ ይዞት የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ በጉምሩክ ዓይን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለራሱ መገልገያ የያዘው፣ ሌላው ከዚያ ያለፈው። የመጀመሪያው በመመሪያ በተፈቀደው ዓይነትና ብዛት ያለ ቀረጥ ያልፋል። ሁለተኛው ቀረጥና ታክስ ይከፈልበታል፤ ብዛቱ የንግድ መጠን ላይ ከደረሰም እንደ ንግድ ዕቃ ይታያል። ስለ ቦሌ ፍተሻ የሚወራው አብዛኛው ነገር የሚሳሳተው ይህን ልዩነት ትቶ በካርቶን፣ በደረሰኝና በደብዳቤ ስለሚተማመን ነው።

«ካርቶኑን ጣለው፣ ላስቲኩን ላጠው፣ ሲም ካርድ ክተትበት፤ ያገለገለ ይሆናል» የሚለው ምክር ከዱባይና ከጓንጁ ለሚመጣ ሁሉ ይሰጣል። የገቢ መንገደኛ ሻንጣ ግን ቦሌ ላይ በኤክስሬይ ያልፋል። በልብስ መካከል የተደረደሩ ስድስት ስልኮች ያለ ካርቶናቸውም ስድስት ናቸው። ማገልገሉ የዕቃውን ዋጋ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል እንጂ በራሱ ከቀረጥ ነፃ አያደርገውም። ደረሰኙን አብሮ የጣለ ደግሞ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ የተገዛበት ዋጋ ማስረጃ ከሌለው ዋጋውን የሚተምነው ጉምሩክ በያዘው መረጃ ነው።

ታክሱን በጣት ደምሮ መምጣትም የተለመደ ስህተት ነው። የቀረጥ ምጣኔው 10 በመቶ የሆነ፣ ሱር ታክስም የሚመለከተው ዕቃ ከማጓጓዣና ከመድን ወጪው ጋር 50,000 ብር ተተመነ እንበል። ቀረጡ 5,000 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ 15 በመቶ፣ የሚሰላው በ55,000 ላይ ነው፤ 8,250 ብር ይሆናል። ሱር ታክሱ፣ 10 በመቶ፣ በ63,250 ላይ ተሰልቶ 6,325 ብር ይመጣል። ባለዕቃው 35 በመቶ ብሎ 17,500 ብር ሲጠብቅ እነዚህ ሦስቱ ብቻ 19,575 ይሆናሉ። የክፍያ መስኮቱ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ አንዳንዴ ከዚህ ድርርብ ስሌት ይመጣል፤ ገንዘብ ተቀባዩ የጨመረበት የሚመስለው ብዙ ነው።

«ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ነው የገዛሁት» የሚለው መከራከሪያም አያድንም። ሱቁ የተወው ዕቃው የሚወጣበትን አገር ግብር ነው፤ የሚገባበትን አገር ቀረጥ የመተው ሥልጣን የለውም።

«የሰው ዕቃ ነው፣ አድርስልኝ ተብዬ ነው» ማለት ደግሞ ከዝምታም የከፋ ነው። ዕቃ ማድረስ በሀበሻ ዘንድ እምቢ የማይባል ውለታ ነው፤ ለእናት መድኃኒት፣ ለእህት ስልክ፣ ለጓደኛ ላፕቶፕ። ከቀረጥ ነፃ መብቱ ግን የተሰጠው መንገደኛው ለራሱ ለሚገለገልበት ዕቃ ነው። የእኔ አይደለም ያለ ሰው መብቱን በገዛ አፉ ትቶታል፤ ሻንጣው በስሙ ስለሆነ ኃላፊነቱ ግን አብሮት ይቀራል።

የሥራ ዕቃ የራሱ ጣጣ አለው። በስሙ የከብት ገበያን የሚያስታውሰው ሰንጋ ተራ ዛሬ የዘመን፣ የንብና የኅብረት ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች የቆሙበት የፋይናንስ ሰፈር ነው። ከእንዲህ ዓይነት ሕንፃ ላፕቶፕ ይዞ የሚወጣ ሠራተኛ በር ላይ የንብረት መውጫ ያሳያል፤ ጥበቃው መለያ ቁጥሩን ከማሽኑ ጀርባ ጋር አመሳክሮ ያሳልፈዋል። ለስልጠና ናይሮቢ ሲሄድም ያው ወረቀት ይበቃዋል የሚል እምነት አለ። መውጫው ግን የመሥሪያ ቤቱንና የሠራተኛውን ጉዳይ ብቻ ይጨርሳል። ጉምሩክ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ሲመለስ የያዘው ላፕቶፕ ይዞት የወጣው ነው ወይስ ናይሮቢ የተገዛ? ይህን የሚመልሰው የዕቃው ዓይነት፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር የሰፈረበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የግዢው ደረሰኝ፣ ከሁሉ በላይ ሲወጡ ለጉምሩክ አሳይቶ ማስመዝገብ ነው። «አንድ ላፕቶፕ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ማኅተሙ ምንም ቢያምር ለየትኛውም ላፕቶፕ ይሆናል፤ ስለዚህ ለየትኛውም አይሆንም። አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊም ወደ አዲስ አበባ ከመነሳቱ በፊት ካሜራውን በዚያ አገር ጉምሩክ ቅጽ 4457 ላይ በነፃ ማስመዝገብ ይችላል፤ ዓላማው ያው ነው፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ግዢ እንዳይታይበት። ለሥራ የሚመጣ እንግዳ የሚይዘው መሣሪያ በአንፃሩ በጊዜያዊነት ሲገባ ይመዘገባል፤ ያስመዘገበውን አዲስ አበባ ሸጦ ወይም ሰጥቶ የሄደ ሰው ሲወጣ ይጠየቅበታል።

ከዚህ በኋላ ያሉት ወሬዎች የጉምሩክን ሥራ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሥራ የሚያምታቱ ናቸው። ኢትዮ ቴሌኮም በመስከረም 2010 ዓ.ም. የሞባይል ቀፎ ምዝገባ ከጀመረ በኋላ «ኔትወርክ ከሠራ ቀረጥ ተከፍሎበታል» የሚል አባባል ተሰምቷል። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ቀፎውን ይለያል እንጂ የቀረጥ ደረሰኝ አይደለም። ድሮንም ቀረጥ ስለተከፈለበት አይገባም፤ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ሰው ኢንሳ ከሚለው፣ ፈቃድ ካልተያዘለት ቦሌ ይቀራል።

ፓወር ባንክን ከሻንጣ የሚያስወጣውም የጉምሩክ ሹም ሳይሆን የበረራ ደህንነት ነው። የሊቲየም ባትሪ እሳት በዕቃ ማከማቻው ውስጥ ከተነሳ የሚደርስበት ስለሌለ ትርፍ ባትሪ በእጅ ብቻ ይያዛል፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ፣ ከዚያ በላይ እስከ 160 ደግሞ አየር መንገዱ ሲፈቅድ። ገበያ ላይ የሚበዛው ባለ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ በእጅ ቦርሳ ያልፋል፤ ያው ዕቃ በሻንጣ ከተላከ ግን ሻንጣው እንዲከፈት ባለቤቱ ይጠራል።