«ፍሬን እምቢ ብሎት ነው»፦ ስለ ካሳ፣ ስለ ውልና ስለ ጠበቃ የሚባለውና ሕጉ የሚለው

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱም ኩርባውም ሾፌር ይፈትናል። እዚያ መንገድ ላይ መኪና ሰው ሲገጭ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ከማንሳቱ በፊት የሚሰጥ ፍርድ አለ፦ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው፤ ምን ያድርግ?» ለሾፌሩ ይታዘንለታል። እንጨት ተሸክማ ስትወርድ የተገጨችው ሴት ወደ ሐኪም ቤት ትወሰዳለች። ጉዳዩም የፈጣሪ ሥራ ተብሎ ያልቃል።

በሕግ ግን አላለቀም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የነዳ ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ አደጋው በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ይድናል። ቁጥር 2086 ደግሞ «አላጠፋሁም»፣ «ምክንያቱ አልታወቀም»፣ «ላስቀረው አልችልም ነበር» የሚሉትን መልሶች አይቀበልም። የሚቀበለው አደጋው በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት መድረሱን የሚያስረዳ መከላከያ ነው። ስለዚህ የፍሬኑ ታሪክ ሾፌሩን በቸልተኝነት ከሚያስጠይቀው የወንጀል ክስ ሊያድነው ይችላል እንጂ ካሳውን አያስቀርም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «ሾፌሩ በነፃ ተለቀቀ፣ እንግዲህ ምን ቀረን?» ይባላል። በቁጥር 2149 መሠረት ግን የካሳውን ክርክር የሚያየው ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎቱ ተከሳሹን በነፃ ማሰናበቱ አያስገድደውም። ሁለቱ መዝገቦች ለየብቻ ናቸው፤ የማስረጃ ሚዛናቸውም ይለያያል።

ሌላው የተለመደ አባባል «ኢንሹራንስ የሚከፍለው ነው ካሳው» የሚለው ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የወሰነው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። ይህ መድን ሰጪው እስከየት እንደሚከፍል የሚወስን እንጂ የሰው ሕይወት ዋጋ ተመን አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ መለኪያ ሌላ ነው፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል፣ መድኑ የማይሸፍነውን ቀሪ ገንዘብ የሚመልሰውም የመኪናው ባለቤት ነው። ባለቤት ማለት ደግሞ መኪናውን የሚነዳው ወይም የታክሲውን ገቢ የሚሰበስበው ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በቃል ሸጦ ስም ሳያዛውር የቀረ ሰው መጥሪያ ሲደርሰው ይደነግጣል፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእሱ ነዋ! ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሲሆንም በሩ አልተዘጋም። የመድን አዋጁ መድን ለሌላቸውና ማንነታቸው ላልታወቀ ተሽከርካሪዎች የመድን ፈንድ አቁሟል።

«ደመወዝ የሌለው ሰው ምን ካሳ ያገኛል?» የሚለው አባባል ግን ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ የደመወዝ ደብዳቤ የላትም፤ ጉሊት የምትቸረችር እናትም እንዲሁ። ሕጉ ግን ይህንን አስቦበታል። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስላት ካልተቻለ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በመሰለው መጠን፣ እንዲተምን ሥልጣን ይሰጠዋል። ርትዕ ማለት ግን ከሰማይ የሚወርድ ቁጥር አይደለም። በሳምንት ስንት ጊዜ ትወጣ ነበር? ሸክሙን ስንት ትሸጠው ነበር? ከእሷ ማን ይገዛ ነበር? በእጇ ስንት ልጅ ያድጋል? ይህንን የሚያስረዱ ጎረቤትና ደንበኛ ምስክሮችን መፈለግ፣ የሐኪሞች ቦርድ ዘላቂ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ የገለጸበትን ማስረጃ ማያያዝ የጠበቃው ሥራ ነው። ሟች ከሆነችም ቁጥር 2095 ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆችና ለልጆች የቀለብ ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣል።

የሕሊና ጉዳትን ብንጠይቅ ግን እውነታው ከተረቱ ይብሳል። በውጭ አገር ፊልም ላይ ለሐዘን ሚሊዮኖች ሲፈረዱ ያየ ሰው ወደ ጠበቃ ቢሮ ብዙ ተስፋ ይዞ ይገባል። ቁጥር 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ቤተሰቡ ለለቅሶ ድንኳን ከሚያወጣው ያንሳል። ይህን ቁጥር ሕግ አውጪው እስካሁን ዝም ብሎ ማለፉ ለእኔ የሚገባኝ ነገር አይደለም።

ሽማግሌ ጉዳዩን ይዟልና ክስ አያስፈልግም የሚል ብዙ ነው። ሽምግልናው ደግ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከችሎት የተሻለ ዕርቅ ያወርዳል። ነገር ግን ሰው የገደለ ቸልተኝነት በግል አቤቱታ የሚነሳና የሚቆም ወንጀል ስላልሆነ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ዐቃቤ ሕግን አያቆምም። ካሳን በተመለከተ ደግሞ በአደጋው ማግስት ሐዘን ላይ ሆኖ «ሌላ ምንም አንጠይቅም» ብሎ መፈረም ከባድ ነገር ነው፤ ግልግል ሆኖ ሊጸና ይችላል። በዚያ ላይ ጊዜው ይሮጣል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ ቁጥር 2143። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ያኛው ይሠራል። ሰዎች «አሥር ዓመት አለን» የሚሉት የውል ይርጋን ሰምተው ነው።

ወደ ንግዱ እንለፍ። በእኛ አገር ጠዋት የአካል ጉዳት ካሳ ተከራክሮ ከሰዓት በሁለት ነጋዴዎች መሐል የሚቆም ጠበቃ ብርቅ አይደለም። እዚህ ያለው ትልቁ ተረት «ወረቀት ከሌለ ውል የለም» የሚለው ነው። ቁጥር 1719 ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ተዋዋዮቹ መስማማታቸው ይበቃል ይላል። ስለዚህ መገናኛ አካባቢ በቃል ብሎኬት አዝዞ የተረከበ ሥራ ተቋራጭ «ውል የለንም» ብሎ አያመልጥም። ብድር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው፣ ቁጥር 2472። ሦስት የተከበሩ ምስክር ይዞ የመጣ ነጋዴ ምስክሮቹ ሳይሰሙ ሲቀር የሚናደደው ለዚህ ነው። ዕቃ በዱቤ መሸጥና ገንዘብ ማበደር በገበያ አንድ ቢመስሉም በችሎት ሁለት ናቸው።

ቀኑ አለፈ ብሎ በቀጥታ መክሰስም ችግር አለው። በመርሕ ደረጃ ባለዕዳው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል፤ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አሉ፣ ግን ቁጥራቸው ነጋዴው የሚያስበውን ያህል አይደለም። በአንጻሩ በእጁ ደረቅ ቼክ ያለው ሰው ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ሲመላለስ ይታያል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ቢከስ ተከሳሹ ለመከላከል እንኳ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

«ጥሩ ጠበቃ ማለት ምላሰ ስል ነው» የሚለው ሥር የሰደደ እምነት የመጣው ከድሮው የአደባባይ ሙግት፣ ከበላ ልበልሃ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ ሙግት በአደባባይ፣ በተጠየቅና በውርርድ የሚካሄድ ጥበብ ነበር፤ አንደበት ጉዳይ ይረታ ነበር። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ያንን መድረክ ወደ ወረቀት አወረደው። ክሱ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ማስረጃው ተዘርዝሮ አብሮ ይያያዛል፣ መልሱም በጽሑፍ ነው፣ ከዚያ ዳኛው ጭብጥ ይመሠርታል። በዝርዝሩ ያልገባ ሰነድ በኋላ ይዞ መምጣት በጣም አስቸጋሪ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የጠበቃው ማታ የሰበር ውሳኔዎችን ቅጾች በማገላበጥ ያልፋል። ጥብቅና ለረጅም ዘመን የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ ኖረ፤ ጠበቆች ተሰባስበው በድርጅት መልክ እንዲሠሩ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249 የወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው።

ገንዘብ የሌለውም መክሰስ ይችላል። ለክሱ የሚከፈለውን የዳኝነት ገንዘብ አቅሙ እንደማይፈቅድ ያስረዳ ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቀድለታል።

«ተፈረደልኝ» ማለት ግን «ተከፈለኝ» ማለት አይደለም። ተሸናፊው በፈቃዱ ካልከፈለ ሌላ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ ንብረት ይፈለጋል፣ ይገመታል፣ በሐራጅ ይሸጣል። ክርክሩ ሲጓተት ሚኒባሱ ተሸጦ ስሙ ከተዛወረ ፍርዱን የሚያስፈጽሙበት ነገር ላይገኝ ይችላል። ልምድ ያለው ጠበቃ ከክሱ ጋር አንድ አጭር ማመልከቻ አያይዞ የሚያስገባውም ለዚህ ነው፦ ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ የመኪናው ስም እንዳይዛወር እግድ ይሰጥልኝ የሚል።