ዝናቡን በደብተር እንያዝ

«አምና የበልጉ ዝናብ መቼ ጀመረ?» ብዬ ማታ ትምህርት ላይ ጠየቅሁ። አንድ አባት «በየካቲት ነው» አሉ። አንዲት እናት «የለም፣ መጋቢት ከገባ በኋላ ነው» አሉ። ክርክሩ አላለቀም። የጻፈ ሰው አልነበረማ!

ነገሩ ቀላል አይደለም። በጨፋ ሸለቆ ዝናብ ሁለት ጊዜ ይመጣል። የበልጉ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። የክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በጋው ይገባል። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ፣ ቦርከና ወንዝ ያረሰረሰው ጨፋ ሣር አያጣም። ስለዚህ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ።

የበልጉን እርጥበት ነፋስ ከሩቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ያመጣዋል። ነፋሱ ሲደክም በልጉ ይቀራል። በልግ ሲቀር ለመድረስ ብዙ ወር የሚፈልገው ማሽላ በሚያዝያ አይዘራም። ያን ጊዜ ገበሬው ክረምቱን ጠብቆ፣ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራል።

ሁለቱም ሲቀሩስ? በ1976 ዓ.ም. በወሎ በልጉም ክረምቱም ከሸፉ። በ1977 ዓ.ም. ብዙ ወገን በረሃብ አለቀ።

እንግዲህ እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። ዝናብ የጣለበትን ቀን ጻፉ። አንድ ቀን አካፍቶ ሁለት ሳምንት ቢጠፋ፣ እሱንም ጻፉ። የዘራችሁበትን ቀን ጨምሩ። ሬዲዮ የሚናገረውን ትንበያ ከጎኑ አስፍሩ። ደብተር ዝናብ አያዘንብም። ነገር ግን ዘር በደረቅ መሬት ላይ እንዳይባክን ይረዳል።