ኦርጋኑ አጠገብ የምትተኛው ድመት

በወላይታ ሙዚቃ የብቸኛ ሰው ሥራ አልነበረም። በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጭብጨባውም ጭፈራውም የጋራ ነው። ብዙዎቻችን ኦርጋን የምንለው ኪቦርድ ወደየቤቱ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ትንፋሹ፣ ክራሩ ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ገባ። ዛሬ በወላይታ ሶዶ ሠርግ ወይም መዘምራን የሚያጅብ ወጣት የአካባቢውን ምት ያማሃው ወይም ኮርጉ ላይ ጭኖ፣ ሄድፎኑን አጥልቆ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻውን ሊለማመድ ይችላል። ቤተሰቡ ተኝቷል፤ አዳማጭ የለም። ድመት ያለችበት ቤት ከሆነ ግን አብራው የምታመሽ አንዲት ጓደኛ አለችው።

ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ብቻውን ላለ ሰው ምን ያህል እንደሚሆን ኃይሉ መርጊያ ጥሩ ማሳያ ነው። በአዲስ አበባ ሒልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ይጫወት የነበረው ይህ ሙዚቀኛ አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከሪትም ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ሙሉ አልበም ብቻውን ሠራ። በኋላም በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። አልበሙ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ አዳዲስ አድማጮች አገኘ። የሙሉ ባንድን ሥራ ለአንድ ሰው የሚሰጥ መሣሪያ፣ ብቸኝነቱንም አብሮ ይሰጣል።

ዜማው ነው ወይስ ሙቀቱ?

ብዙዎች “ድመቴ ሙዚቃ ትወዳለች” ይላሉ። ሄድፎን የተጠለቀበት ሰዓት ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ያኔ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው፤ ድመቷ ግን ያው ትመጣለች። የሚስቧት ሌሎች ነገሮች ናቸው ማለት ነው።

አንዱ ሙቀት ነው። ድመት ሰውነቷን ለማሞቅ ሳትደክም የምትኖረው ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። ከዳሞታ ተራራ ሥር ያለችው ሶዶ ደግሞ ምሽቷ ቀዝቃዛ ነው። ሲሠራ የሚሞቅ አዳፕተር፣ አምፕሊፋየር ወይም የሰው ጭን በዚያ ብርድ እንደ ምድጃ ዳር ነው። ሁለተኛው ሰውየው ራሱ ነው፤ አንድ ቦታ ረግቶ ተቀምጧል፣ አይጮህም፣ አያባርራትም። ቀን ከጓዳ “አይጥ ያዢ” የምትባለው ድመት ማታ ሳሎን ገብታ የምትጠጋው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ይህ ማለት ግን ድምፅ አይገዳትም ማለት አይደለም። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ሲሰማ የድመት ጆሮ ከ60,000 ኸርዝ በላይ ይሰማል፤ እኛ ጸጥ ያለ በምንለው ቤት ውስጥ እርሷ ብዙ ነገር ትሰማለች። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለ47 የቤት ድመቶች ሁለት ዓይነት ሙዚቃ አሰምቶ ነበር። አንደኛው የታወቀ የአውሮፓ ክላሲካል ሲሆን፣ ሌላው በድመት ድምፅ ከፍታና ድመት ደስ ሲላት ከጉሮሮዋ በሚወጣው ህርርታ ምት ተለክቶ የተደረሰ ነው። ድመቶቹ ይበልጥ ዞር ብለው ያዩትና ሄደው የተሻሹበት ስፒከር ለእነርሱ የተደረሰውን የሚያሰማውን ነበር። የእኛ ዜማ ለእኛ ነው፤ እርሷ የምትመጣው ለእኛ ስትል ነው።

ሁለቱም እንዲኖሩ

ለልጃቸው ኪቦርድ የገዙ ወላጆች ድመቷ ቁልፉ ላይ ስትወጣ መደንገጣቸው አያስገርምም። ዕቃው ውድ ነው፤ ፀጉር በቁልፎቹ ሥር ይገባል፣ ሽንት ውስጡ ያለውን ብረት ይበላል። “ከዚህ ቤት ወይ ድመቷ ወይ ኦርጋኑ!” ከማለት በፊት ግን ጥቂት ነገሮችን ይሞክሩ።

የራሷ ቦታ ይስጧት። ያረጀ ጋቢ አጥፈው ከተጫዋቹ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ያድርጉላት። ከቁልፎቹ የሞቀና የለሰለሰ ቦታ ካገኘች ቁልፎቹን ብዙም አትፈልጋቸውም።

ጨዋታ ሲያበቃ ኪቦርዱን ያጥፉ፣ ከሶኬቱ ይንቀሉ፣ በጨርቅ ይሸፍኑ። አቧራም ፀጉርም የሚገባው በአብዛኛው ሳይሸፈን በሚያድርባቸው ሌሊቶች ነው። ልጅዎ ያቀናበረውን ሪትም ሳያስቀምጥ አይነሣ፤ አንድ እርምጃ የድመት እግር የምሽቱን ድካም ሊያጠፋው ይችላል።

ገመዱን ችላ አይበሉ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ እንደሚባለው፣ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ለእርሷ አይጥ ነው። ከአዳፕተሩ ወደ ኪቦርዱ የሚሄደው ገመድ አነስተኛ ኃይል የሚይዝ ሲሆን፣ ከግድግዳው የሚመጣው ግን 220 ቮልት ነው፤ ግልገል ድመት ብትነክሰው አፏን ሊያቃጥላት ወይም ሊገድላት ይችላል። ገመዱን ሰብስበው ይሰሩ፣ ዲቫይደሩንም ከቁም ሣጥን ኋላ ያድርጉት።

ስፒከር ሲከፈት ድምፁን ይቀንሱ፣ በሩንም ገርበብ ያድርጉላት። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጠፈችና ጭራዋን ካወራጨች በቃኝ ማለቷ ነው። ለእርሷ የበዛ ድምፅ ከጎኗ ለተቀመጠው ልጅ ጆሮም ላይበጅ ይችላል። በቤት ውስጥ ከልጆች ጋር የምትውል ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንደሚያስፈልጋትም አይርሱ።

ሙዚቃ የሚማር ልጅ የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ጣቱ እምቢ ስላለው ሳይሆን፣ አንዱን መስመር መቶ ጊዜ ብቻውን መድገም ስለሚሰለቸው ነው። ወላጅ ሁልጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ ሊሰማው አይችልም። የተሳሳተውን የማታርም፣ ያልተሳካለትን የማትታዘብ፣ ዝም ብላ አጠገቡ የምታንቀላፋ ድመት ግን ለመቶ አንደኛው ጊዜ አቅም ልትሆነው ትችላለች። ለዚህ ውለታዋ አንድ አሮጌ ጋቢ አይበዛባትም።