ከአይጥ ያላለፈው መድኃኒት

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወጥቶ በቆላው በኩል ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ በ1772 እ.ኤ.አ. ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ጣለው። አዳነኝ ያለው የዋጊኖስን ሥር ልጥ ነው። ተክሉ በሳይንሱ ዓለም ዛሬም በሰውዬው ስም ይጠራል። ከዚያ ወዲህ 250 ዓመት አለፈ፤ ጎንደር አቅራቢያ ያለውን ኮሶዬን በመሰለ ብርዳም ደጋ ጥጃ ሲያስቀምጠው ግን ባለቤቱ አሁንም ወደ ቅጠልና ሥር ያያል።

ምርምር የለም እንዳይባል በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የፋርማሲ ላቦራቶሪዎች ብዙ ተሠርቷል። አይጧ 18 ሰዓት ያህል ትጾማለች፤ በሜታኖል የተነከረው ቅጠል ጭማቂ ይሰጣታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የጉሎ ዘይት ትጋታለች። ከሥሯ የተነጠፈው ወረቀት በየሰዓቱ እየተቀየረ ለ4 ሰዓት እርጥብ ኩሷ ይቆጠራል። ብሳና በ2016፣ አደስ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተሙ ጥናቶች እንዲህ ተፈትነው ተቅማጡን ቀንሰዋል።

ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ ፍላቮኖይድ ለተባሉት የዕፅዋት ውሁዶች ይሰጣል። ፍላቮኖይዶች የአንጀትን እንቅስቃሴ ሊያረግቡ፣ ወደ አንጀት የሚፈሰውን ውኃም ሊቀንሱ ይችላሉ። ችግሩ መኖራቸው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በቀለም ብቻ መሆኑ ነው፤ ጭማቂው ቢጫ ሆነ፣ አሲድ ሲነካው ቢጫው ጠፋ፣ «አለ» ተባለ። ታኒን የተባለው ሌላ ውሁድም እዚያው ውስጥ አለ። ታዲያ የሠራው የትኛው ነው?

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የጉሎ ዘይቱ ነው። ዘይቱ አንጀትን ያስቆጣል እንጂ ተላላፊ በሽታ አይደለም። ጥጃን የሚያስቀምጡት ሮታቫይረስ፣ ኢ. ኮላይ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየምና የመሳሰሉት ናቸው፤ የሚገድለውም በአብዛኛው የውኃና የጨው መሟጠጥ ነው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የአንገቱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ የማይመለስ ጥጃ ከቅጠል በፊት ጨውና ስኳር ያለበት ውኃ ይፈልጋል።

የብሳና ዘመድ የሆነ አንድ የአማዞን ዛፍ ግን አይጥን ተሻግሯል። ደም ከመሰለው ቀይ ፈሳሹ የተጣራው ክሮፌለመር ከፍላቮኖይድ ወገን ነው፤ ክሎራይድ ወደ አንጀት የሚወጣባቸውን በሮች ይዘጋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2012 እ.ኤ.አ. ለኤችአይቪ ሕሙማን ፈቀደው፤ በ2021 ደግሞ ኬሞቴራፒ ለሚያስቀምጣቸው ውሾች ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠው። ከዚያው ዛፍ ለጥጃ የተሠራ ምርትም ገበያ ላይ ውሏል።

ይህን አይቶ ዋጊኖስን እንዲሁ ወስዶ ለጥጃ መጋት አደገኛ ነው። ከእሱ የወጣው ብሩሲያንቲን በካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ ዕጢውን ሳያሳንስ ትውከትና የደም ግፊት መውረድ አስከትሎ ቀርቷል። ብሳና የተሻለ ዕጩ ይመስለኛል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲም የእንስሳት ሕክምናም ያስተምራል። ሁለቱ ተገናኝተው በገበሬ በረት ግማሾቹን ጥጃዎች በጨውና ስኳር ውኃ ብቻ፣ ግማሾቹን ተጣርቶና ተመዝኖ በዚያው ውኃ ላይ በተጨመረ የብሳና ፍላቮኖይድ ቢያክሙ፣ መልሱ በሳምንታት ውስጥ መታየት ይጀምራል።