ሳል የሌለው ጭስ

ሲጋራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስብ ልጅ ያስለዋል፤ ዓይኑ ያነባል፤ አንዳንዱም እዚያው ይጥለዋል። ከወላጅ ቁጣ ይልቅ ይህ ሳል ብዙ ልጅ አትርፏል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። አሜሪካን አሥር ዓመት ያህል ያነጋገረው የወጣቶች ቬፕ ጉዳይም ሳሉ እንዲጠፋ ከመደረጉ ይጀምራል።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ማለትም ቬፕ፣ ቀድሞም ነበረ። ነገር ግን ፈሳሹ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ሲበዛ ጉሮሮ ስለሚያቃጥል የሚስበው ሰው ብዙ አይገፋበትም። የስታንፎርድ ምሩቃኑ ጄምስ ሞንሲስና አዳም ቦወን የመሠረቱት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ያቀረበው ጁል ግን ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋህዶ ጨው አደረገው። ማቃጠሉ ሲቀንስ መጠኑን ከፍ ማድረግ ተቻለ። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ጁል በአንድ ሚሊ ሊትር እስከ 59 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ነበረው፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ20 አያሳልፍም። ፖድ የምትባለው ትንሿ የፈሳሽ መያዣ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ኒኮቲን እንዳላት ኩባንያው ራሱ ይናገር ነበር። በዚያ ላይ ማንጎው፣ ሚንቱ፣ ክሬም ብሩሌው አለ።

ኩባንያው ምርቱ ሲጋራ ለማቆም ለሚፈልጉ አዋቂዎች ነው ይል ነበር። የመጀመሪያ ማስታወቂያዎቹ ላይ የሚታዩት ግን በደማቅ ቀለማት መሀል የሚደንሱ ለጋ ፊቶች ናቸው። ባለፉት 30 ቀናት ቬፕ ሳብን ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ2017 ከመቶ 11.7 ነበሩ፤ በ2019 27.5 ደረሱ። በመካከሉ፣ በታኅሣሥ 2018፣ የማርልቦሮ ባለቤት አልትሪያ 12.8 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ የጁልን 35 በመቶ ድርሻ ገዛ። ሲጋራን አስቀራለሁ ያለው በሲጋራ ሻጭ ገንዘብ ከበረ።

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ልጁን የሚመረምረው በአፍንጫው ነው። እኛም ያደግነው ልብሳችን እየተሸተተ ነው። ፍላሽ የሚመስል፣ የፍራፍሬ ሽታው ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነገር ፊት ግን አፍንጫ ምን ይሠራል?

በ2019 ክረምት የወጣቶች ሳምባ በድንገት መታመም ጀመረ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ ወይም ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ የሞቱት 68 ናቸው። ዋነኛው ምክንያት በድብቅ የሚሸጥ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሴቴት መሆኑ ተደረሰበት። በእኔ ግምት ይህ ግኝት ሌላ ጉዳት አመጣ፤ ብዙ ሰው ተራውን የኒኮቲን ቬፕ በነፃ ያሰናበተው ያኔ ነው። የኒኮቲን ጉዳት ግን አምቡላንስ አያስጠራም። እስከ 25 ዓመት ገደማ የሚያድገው አንጎል ላይ ትኩረትን፣ ትምህርትንና ስሜትን እያወከ ሱስን ይተክላል። ተኑም ውኃ ብቻ አይደለም፤ ደቃቅ ብናኝ፣ ፎርማልዲሃይድ፣ ከማሞቂያው ሽቦ የሚወጣ ኒኬልና እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ለሆድ የተፈቀደ ጣዕምም ለሳምባ ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ሲጋራን ሙሉ በሙሉ ትቶ ወደ ቬፕ የዞረ አዋቂ ጉዳቱን መቀነሱ እውነት ነው፤ ለማቆም እንደሚረዳም ጥናቶች አሳይተዋል። አጭሶ የማያውቅ የ15 ዓመት ልጅ ግን ከምን ወደ ምን ነው የዞረው?

በጥር 2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከትምባሆና ከሜንቶል በስተቀር ጣዕም ያላቸውን ፖዶች ከገበያ አስወጣ። ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ቬፖች ግን አልነካም። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፑፍ ባር ወዲያው የጁልን ቦታ ያዘ፤ ኤልፍ ባር ተከተለ። ጁል በክስ ብዛት ከ30 በላይ ለሚሆኑ ግዛቶች 438.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ ልጆቹ ጥለውት ሄደው ነበር። ሕጉ የዕቃውን መልክ ሲያሳድድ የኒኮቲኑን መጠን ሳይነካ ቀረ።

በ2024 ቬፕ የሚስቡ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 1.63 ሚሊዮን፣ ማለትም ከመቶ 5.9 ሆኑ። ትልቅ ቅናሽ ነው፤ መካድ አይገባም። ከእነዚህ ውስጥ ግን ከአራቱ አንዱ በላይ በየቀኑ ይስባል። በጨዋታ የጀመሩት ሲተዉ የተያዙት ቀርተዋል።

ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ2011 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ገና ሳይስፋፋ ከልክላለች፤ ትምባሆ ለመግዛትም 21 ዓመት መሙላትን ጠይቃለች። በዚሁ አዋጅ የተከለከለው ሺሻ ግን ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ የፖሊስ አሰሳ አልተለየውም። ሺሻ ለማጨስ ቤት፣ ከሰልና ቱቦ ያስፈልጋል፤ ለቬፕ ኪስ ይበቃዋል።